ልጆች ይዞ አዲስ አበባን መዞር፦ መኪና ለሌለን ወላጆች

በአንድ ቀን አንድ ቦታ። ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይቺን አትርሱብኝ። ብዙ ወላጅ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ የወሩን ሽርሽር በአንድ ቅዳሜ ሊጨርሰው ይፈልጋል። ጠዋት ሙዚየም፣ ምሳ ቦሌ፣ ከሰዓት እንጦጦ፣ ማታ መስቀል አደባባይ። አስር ሰዓት ላይ ትንሹ መሬት ላይ ተንጋሎ ያለቅሳል፣ ትልቋ ታኮርፋለች፣ እናትና አባት ደግሞ «ይሄን ሁሉ ብር አውጥተን» እየተባባሉ ይነታረካሉ። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። ደክሟቸው ነው።

የምኖረው ጉርድ ሾላ ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። መኪና የለንም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በታክሲ፣ በባቡርና በእግር ስለምንደርስባቸው ቦታዎች ነው። መኪና ያላችሁም አንብቡት። እናንተ ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሩ እኛ ደርሰን ቆሎ እየቆረጠምን ነው።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

ቀኑን የሚያበላሸው የቦታው ምርጫ አይደለም። ረሀብ፣ ሽንትና እንቅልፍ ናቸው። ለእነሱ ከተዘጋጃችሁ የትም ብትሄዱ ይሳካል።

ስለ መውጫና መመለሻ ሰዓት እንጀምር። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ከቤት ውጡ፣ 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመለሱ። ክረምት ላይ ይሄ ግዴታ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም በረዶ ይዞ። በበጋም ቢሆን ትንሽ ልጅ ከምሳ በኋላ ፊቱ ይለወጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የተኛ የ5 ዓመት ልጅ ተሸክማችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ።

ቁርስ ጠገብ ያለ ነገር ይሁን። እኛ ቤት ጨጨብሳ ወይ ቂንጬ ነው። ቦርሳ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ይገባል። ሙዙን ከላይ አድርጉት። ውሃ ለየራሳቸው በትንሽ ኮዳ ያዙላቸው፤ አንድ ትልቅ ኮዳ ከሆነ ጠብ ነው። ሶፍት ሁለት እሽግ፣ ለትንሹ አንድ ትርፍ ሱሪ፣ ለሁሉም ሹራብና ኮፍያ። ፀሐይ ነው ብላችሁ ሹራብ አትተዉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ፀሐዩ ላይ ትቃጠላላችሁ፣ ጥላ ስር ስትገቡ ትንቀጠቀጣላችሁ።

ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ የሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። ሹራብ ኪስ አይሆንም፤ ይወልቃል። ለልጆቼ የነገርኳቸው እንዲህ ነው፦ «ከጠፋችሁ ከቆማችሁበት አትንቀሳቀሱ። ሰው መጠየቅ ካለባችሁ ልጅ የያዘች እናት ፈልጉ።» መታወቂያ ያዙ፣ ብዙ ቦታ በር ላይ ፍተሻ አለ። ቴሌብር ቢኖራችሁም ዝርዝር ብር አይለያችሁ።

ገንዘብን በተመለከተ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ። እያንዳንዱ ልጅ በቀኑ አንድ ነገር ብቻ ያስገዛል። ፊኛም ይሁን አይስክሬም ምርጫው የራሱ ነው፣ ግን አንዴ ከመረጠ አለቀ። ሕጉ የሚነገረው ቤት ውስጥ፣ ጫማ ሳይታሰር ነው። ፊኛ ሻጩ ፊት ቆሞ ሕግ ማውጣት አይሠራም።

ታክሲና ባቡር

ሚኒባስ ላይ ረዳቱ መጀመሪያ የሚለው «እናት፣ ልጁን እቀፊው» ነው። ለአጭር መንገድ እቅፋለሁ። ረጅም ከሆነ ሳልገባ እነጋገራለሁ፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ይቀመጡና የአንድ ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ግን ክርክሩ እስከ መውረጃችሁ አያልቅም።

ባቡሩ ግን ለልጅ ራሱ ሽርሽር ነው። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው 2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ እኛ ትልልቆቹ ሰልችቶናል፣ ለእነሱ ግን ሁሌም አዲስ ነው። አረንጓዴው መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው ክፍል ድልድይ ላይ ስለሆነ ከተማው ከላይ ይታያል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተሰጣ ልብስ፣ መስኮት ላይ የተኛ ድመት። ምንም ዕቅድ በሌለን እሑድ ጠዋት ጦር ኃይሎች ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ትልቋ የየጣቢያውን ስም ጮክ ብላ ታነባለች፣ ትንሹ ከኋላዋ ይደግማል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። ቲኬት ሳትሳፈሩ ቁረጡ። በሥራ ቀን ጠዋት ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበትና ማታ በሚመለስበት ሰዓት ግን ልጅ ይዞ መግባት አይሞከርም፤ መተንፈሻ የለም።

ብሔራዊ ሙዚየም

አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። አራት ኪሎ ድረስ ታክሲ አለ፣ ከዚያ ሽቅብ በእግር ትንሽ ነው።

ልጆች ሙዚየም ውስጥ ያላቸው ትዕግሥት ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ በቅደም ተከተል አትዙሩ። በቀጥታ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ወደ ድንቅነሽ ውረዱ። የተገኘችው 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሀዳር ነው፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂ መሆኑን ንገሯቸው፤ እውነተኛው አጥንት ለብቻው በጥንቃቄ ይቀመጣል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ቅር አይላቸውም፣ እንዲያውም «የት ነው የደበቋት?» ብለው ይጓጓሉ።

አንዱ ቅጂ የተኛ ነው፣ ሌላው የቆመ። የቆመው ጋር ልጃችሁን አስጠጉት። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነበር። የእኔ ትንሹ እኩያዋ ነው። አጠገቧ አቁሜው ቀና ብሎ አየኝና «ልጅ ነች?» አለኝ።

«አይ፣ ትልቅ ሰው ነች።»

«ታዲያ ለምን አላደገችም?»

እዚህ ጋ ጥሩ መልስ አለ። ተመራማሪዎቹ ትልቅ መሆኗን ካወቁባቸው ነገሮች አንዱ ጥርሷ ነው፤ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎቿ በቅለው ነበር። ይህን ስነግራቸው ሁለቱም ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ከኋላ መዳበስ ጀመሩ። ጥበቃው ሳቀ። እናንተም ሞክሩት፣ ግን እጃቸውን አስቀድማችሁ አስታጥቡ።

ቀጥሎ «ሰላም» የተባለችውን የሌላዋን ቅሪተ አካል ታሪክ ንገሯቸው። ሰላም ስትሞት የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረች። እዚያው አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ ያገኛት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። «የድንቅነሽ ልጅ» የሚሏት አሉ፤ ነገር ግን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ከ«እናቷ» በ100 ሺህ ዓመት ገደማ ትቀድማለች። ትልቋ ልጄ ይቺን ነገር ክፍሏ ውስጥ ለሰው ሁሉ ስትነግር ከርማለች።

ከዚያ ወደ ላይ ውጡና ፍለጋ ስጧቸው። «የንጉሡን ዙፋን መጀመሪያ ያየ» በሉ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዙፋን ትልቅ ስለሆነ አያመልጣቸውም። ዘውድ፣ ጦር፣ ጋሻም ማስፈለግ ይቻላል። ማሯሯጥ ግን አይሁን፣ መስታወት የሞላበት ቤት ነው። ፊታቸው ላይ ድካም ስታዩ ውጡ፤ ያልታየው ሌላ ቀን ይታያል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ሙዚየም ቅርብ ነው፣ የንጉሡ መኝታ ቤትም እዚያ ነው። እሱ ግን የሌላ ቅዳሜ ነው።

መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ደግሞ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ አትግቡ። መታወቅ ያለበት ታሪክ ነው፤ ግን ፎቶውና የራስ ቅሉ ለ8 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ እጠብቃለሁ።

ፓርኮቹ

አንድነት ፓርክ የተከፈተው 2012 ዓ.ም. በምኒልክ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆች የሚሄዱት ለአንበሳው ነው። አንበሳ ቀኑን ሙሉ ስለሚተኛ ጠዋት በጊዜ ግቡ፣ ያኔ የመነሳት ዕድሉ የተሻለ ነው። ጋማው ጥቁር ነው፣ ይህንን አሳዩአቸው። ግቢው ሰፊ ነው፣ እግር ያደክማል። ቤተ መንግሥት ስለሆነ ለሕዝብ የሚዘጋበት ቀን ሊኖር ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ወዳጅነት ፓርክ መሮጥ ለሚፈልግ ልጅ ነው። ሳር፣ ውሃ፣ ክፍት ቦታ። የሚነበብ ወይ የሚብራራ ነገር ስለሌለው እናንተም ታርፋላችሁ። ማታ መብራቱ ያምራል፣ ሰዉ ግን ይበዛል። 2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ከ8 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች ነው የሚጥመው። ትንሹ ሁሉን ነገር ልንካ እያለ አስጨርሶኛል።

በዓል ቀን ግን የትኛውም ፓርክ አትሂዱ። እንቁጣጣሽና የፋሲካ ማግስት ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ሽንት ቤቱ ሰልፍ ላይ ልጅ «እማዬ መጣብኝ» ሲል ምን ታደርጋላችሁ?

ያለ ክፍያ ከሆነ የምትፈልጉት መስቀል አደባባይ አለላችሁ። 2013 ዓ.ም. ከታደሰ ወዲህ ስኬት የሚነዳው፣ ብስክሌት የሚለማመደው ልጅ እዚያ ነው። ልጆቼ ደረጃውን እየቆጠሩ መውጣትና መውረድ ብቻ ይበቃቸዋል። ለመኪና ዝግ በሚሆንባቸው የ«መንገድ ለሰው» እሑዶች ደግሞ አስፋልቱ የልጆች ነው። ይህ 2011 ዓ.ም. የተጀመረ ነገር ነው፤ ቀኑ ሲነገር ካላንደራችሁ ላይ አክብቡት። ኳስ ያዙ።

እንጦጦ

እንጦጦ ስንሄድ እናቴ ታብራለች። አምባሻዋን በነጠላ ጠቅልላ ትይዛለች፣ ልጆቹም ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰማሉ። አያት ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ። ታሪኩን ከማንም ጽሑፍ በላይ ያወሩታል።

መንገዱ በሽሮ ሜዳ ነው። ከታክሲ ወርዳችሁ ትንሽ ተዘዋወሩ፤ የሀበሻ ልብሱ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ ማየት ለልጅ ደስ ይላል። ግብይት ከጀመራችሁ ግን እንጦጦ ቀረ በሉ። ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ማርያም።

ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዋቂውም ትንፋሽ ያጥራል። መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የምኒልክ የድሮ ቤተ መንግሥት አለ። ልጆች ቤተ መንግሥት ሲባሉ ወርቅ ይጠብቃሉ። የእኔዋ ቆማ አየችውና «ይሄ? የጭቃ ቤት ነው እኮ!» አለች። እናቴ መለሰችላት፦ «አዎ፣ በጭቃና በእንጨት ነው የተሠራው። ከዚህ ቁጭ ብለው ነው አገር ያስተዳደሩት። ብርዱ ሲጠናባቸው እቴጌ ፍል ውሃ ወረዱ፣ ቦታውን ወደዱት። አዲስ አበባ ያኔ ተጀመረች።» 1879 ዓ.ም. ነው ነገሩ። ከዚያ ቁልቁል ከተማውን አሳዩአቸውና ቤታችሁ በየት በኩል እንደሆነ ፈልጉ።

ባሕር ዛፉንም አትለፉት። ከአውስትራሊያ የመጣው በምኒልክ ዘመን፣ የማገዶና የቤት እንጨት ሲቸግር ነው። ቅጠሉን እንዲያሹትና እንዲያሸቱት አድርጉ። ትንሹ ሲያሸተው «ጉንፋን ሲይዘኝ የታጠንኩት!» ብሎ ጮኸ። መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ ኪስ ሙሉ ይለቀማል፤ ልብስ ከማጠባችሁ በፊት ኪስ ፈትሹ። መንገድ ላይ ከቁመታቸው በላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታያላችሁ። ልጆቻችሁ ይጠይቃሉ። በደንብ መልሱላቸው፣ አታስቀይሱ።

ፈረስ የማይቀር ነው። ልጆቹን ሲያዩ ፈረሰኞቹ «ማዘር፣ ላዙርልሽ?» እያሉ ይከባሉ። ዋጋ ሳትስማሙ ልጅ ኮርቻ ላይ አይውጣ። «ስንት ነው?» ብቻ አይበቃም። «የት ደርሶ ነው የሚመለሰው? ዋጋው ለአንዱ ነው ለሁለቱም?» በሉ። ልጁ ትንሽ ከሆነ በአንድ በኩል ባለፈረሱ፣ በሌላ በኩል እናንተ እግሩን ይዛችሁ ሂዱ። 2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ውስጥም ፈረስ፣ ብስክሌትና የልጆች መጫወቻ አለ፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ መንገዱ ግን የተጠረገ ነው። ሽንት ቤቱም ይሻላል፣ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከ8 ሰዓት በፊት ውረዱ፤ ብርዱ ድንገት ነው የሚመጣው።

ከከተማ መውጣት

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቢሾፍቱ ይበቃል። ከቃሊቲ መናኸሪያ መኪና አለ፣ እዚያ ስትደርሱ ባጃጅ። ልጆቼ ባጃጁን ከሐይቁ እኩል ይወዱታል። ሆራና ባቦጋያ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ናቸው። «እዚህ መሬቱ ፈንድቶ ነበር» ስትሏቸው ዓይናቸው ይፈጣል። ግን ለዚሁ ሲባል መጠንቀቅ አለባችሁ። ዳሩ ለስለስ ብሎ አይወርድም፣ ወዲያው ይጠልቃል። ልጅ ውሃው ዳር ለብቻው አይተውም፤ ጀልባ ላይ ልኩ የሆነ ተንሳፋፊ ጃኬት ከሌለ አይወጣም። ባለጀልባው «ምንም አይሆንም» ቢል እናንተ እምቢ በሉ። የኩሪፍቱ የውሃ መዝናኛ ልጆችን ያሳብዳል፣ ለእኛ ኪስ ግን የልደት ቀን ነገር ነው። በእሬቻ ሰሞን ወደ ሆራ የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ለበዓሉ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ከ8 ዓመት በላይ ላሉ ደግሞ የቡታጅራ መንገድ አለ። መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሩትን የድንጋይ መሣሪያ ታያላችሁ። አካባቢው ላይ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የረገጡ ሰዎች የእግር አሻራ ተገኝቷል፤ ከመካከላቸው የልጆች እግር አለ። ድንቅነሽን ያየ ልጅ ይህን ሲሰማ ነገሩ ይገጥምለታል። ከዚያ ወዲያ ጢያ ነው፦ 36 ትክል ድንጋይ፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ። ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና አንዱን መርጠው ይሳሉት። ድንጋዩ ላይ መውጣት ግን የለም።

በአንድ ቀን ሁለቱንም ለማየት ኮንትራት መኪና ያስፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ብትከራዩ ሒሳቡ ይቀላል፣ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ። በሕዝብ መኪና ከሆነ መልካ ቁንጥሬ ላይ ቁሙ፤ መንገድ ዳር ሆናችሁ የምትጠብቁት መኪና ሞልቶ ስለሚመጣ ከ8 ሰዓት በፊት ለመመለስ ተነሱ። ከከተማ ስትወጡ ሁልጊዜ አንድ ቀን አስቀድማችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመናኸሪያ ሾፌሮች ወይም እዚያ ካለ ዘመድ አጣሩ። ካላማራቸው ባቡር ይዛችሁ ጦር ኃይሎች ድረስ ሂዱ።